ሰነዱ በማን ስም ይፈለግ? የመንግሥት ጽሑፎች በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያሳለፉት ታሪክ

በሀገራችን የመንግሥት ትእዛዝ ለሕዝብ ይደርስ የነበረው ነጋሪት እየተጎሰመ በገበያና በአደባባይ በሚነገር አዋጅ እንደ ነበር ይታወቃል። የሰማ ሁሉ ላልሰማው እንዲያሰማ ይታዘዛል፤ ሰምቶ ወደ መንደሩ ሲመለስም አዋጁ ሥራውን ጨረሰ ማለት ነው። መጋቢት 21 ቀን 1934 ዓ.ም. የመጀመሪያው ነጋሪት ጋዜጣ ሲወጣ ስሙን ከዚሁ ከነጋሪቱ ወሰደ። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ታትሞ፣ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት ወጣ። በዚህ ጊዜ ነጋሪቱ ወደ ማተሚያ ቤት ገባ ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ በድምፅና በወረቀት መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ድምፅ የሚቀመጥበት ቤት አይፈልግም፤ ወረቀት ግን የሚያስቀምጠው፣ ካስቀመጠም በኋላ የት እንዳስቀመጠው የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ሁለተኛው ሰው ነው።

አንባቢ «ይህ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ጉዳይ አይደለምን? መሐንዲስ ምን አገባው?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ፣ ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ነገሩ እንዴት እንዳገባኝ መናገር አለብኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዓባይ ገባሮች በአንዱ ላይ ለሚሠራ መካከለኛ ድልድይ የውሃውን ስሌት እንድሠራ ተመድቤ ነበር። በእጃችን የነበረው የወንዙ የፍሰት መዝገብ የሃያ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ባልደረቦቼ እንደሚያውቁት በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል የሚባለውን ሙላት ከሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ተነሥቶ መገመት አንድን ሰው በጫማው አይቶ ቁመቱን እንደ መናገር ነው። ስለዚህ የቀድሞውን መዝገብ ፍለጋ ጀመርሁ። ይዞታል ወደ ተባለው መሥሪያ ቤት ብሄድ፣ መሥሪያ ቤቱ ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ በተዛወረ ጊዜ የድሮው ወረቀት ሁሉ በካርቶን ታሽጎ እንደ ነበር ነገሩኝ። ካርቶኖቹ የት እንደ ደረሱ የሚያውቅ ግን አልተገኘም። አንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ብቻ በጎርፍ ጊዜ የረጠበ ወረቀት ሲጣል አይቻለሁ አለኝ። የጎርፍ መዝገብ በጎርፍ ሲጠፋ መሳቅም ማዘንም ይከብዳል።

በመጨረሻ ወደ አንድ ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ። በማጣቀሻ ክፍሉ የነበሩት ጡረታቸው የተቃረበ ወይዘሮ ጥያቄዬን በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ፣

«ልጄ፣ ይህ የምትለው ልኬት የተወሰደው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» አሉኝ።

«በ1950ዎቹ መጀመሪያ ይመስለኛል።»

«እንግዲያው በዛሬው ስም አትፈልገው። ያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ማን ይባል ነበር?»

አላውቅም አልሁ። ወይዘሮዋ የካርድ ሳጥኑን ሳቡ። በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በእጅ የተጻፈ፣ በማስመሪያ የተሰመረ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ በግራ በኩል ዓመታት፣ በቀኝ በኩል የመሥሪያ ቤት ስሞች። ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ ወደ ላይ እያስኬዱ አንድ ስም ላይ አቆሙ፤ በዚያ ስም የተመዘገቡትን ካርዶች አገላብጠው ከሩብ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ጥራዙን ጠረጴዛ ላይ አኖሩልኝ። ከተጣጣፊዎቹ ካርታዎች ሁለቱን አንድ አንባቢ በምላጭ ቆርጦ ወስዷቸዋል፤ ሠንጠረዦቹ ግን አልተነኩም። በእጄ ከነበረው በተጨማሪ የዘጠኝ ዓመት ልኬት አገኘሁ። ከዘጠኙም በአንደኛው ዓመት የተመዘገበው ሙላት እኔ ከማውቃቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ሁሉ ይበልጥ ነበር። የድልድዩ ወለል በዚያው የተነሣ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ እንዲል ሆነ። ወጪውን የሚሸፍነው ወገን በዚህ አልተደሰተም፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የወይዘሮዋን ጥያቄ ልረሳው አልቻልሁም፦ ያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ማን ይባል ነበር?

ነገሩን ስመረምር ጥያቄው ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ ያለው ሆኖ አገኘሁት።

መንግሥት የሚያወጣውን ጽሑፍ አስተማማኝ በሆነ ሥፍራ የማስቀመጥ ልማድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጥንት ዘመን ንጉሥ ለአንድ ደብር ርስት ወይም ጉልት ሲሰጥ፣ ስጦታው በደብሩ ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር። «የወርቅ ወንጌል» እየተባሉ የሚጠሩት፣ እንደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ባሉ ገዳማት ተጠብቀው የኖሩት መጻሕፍት ለታሪክ ጸሐፊዎች ትልቅ ምንጭ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። የዚህን አሠራር ብልኀት ልብ እንበል። ወንጌሉ ከዕቃ ቤት በዘፈቀደ አይወጣም፤ ገጹን ለመቅደድ የሚደፍር ብዙ ሰው አይገኝም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰነዱ የተቀመጠው ስለ መሬቱ በሚጠየቅበት በዚያው ቦታ ነው። ባለጉዳይ ደብሩን ካወቀ ሰነዱን አወቀ። ጽሑፉ ጥቂት፣ ጉዳዩም የመሬት ጉዳይ በሆነበት ዘመን ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ማሰብ ያስቸግራል። መንግሥት በሚኒስቴሮች ተከፋፍሎ ዓመታዊ ዘገባ፣ የዝናብ ሠንጠረዥ፣ የጉምሩክ ስታቲስቲክስና የግድብ ጥናት ማተም ከጀመረ በኋላ ግን ባዶ የወንጌል ገጽ አይበቃም።

ይህ ችግር ቀድሞ ከገጠማቸውና መፍትሔውንም በግልጽ ከሠሩት አንዷ አሜሪካ ናት። (በዚህ ክፍል የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ ምክር ቤት በ1813 ባሳለፈው ውሳኔ ያሳተማቸው ጽሑፎች ለዩኒቨርሲቲዎች፣ ለኮሌጆችና ለታሪክ ማኅበራት እንዲላኩ አደረገ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ዋና ከተማው ቢቃጠል እንኳ (በማግሥቱ ዓመት በ1814 እንግሊዞች በእርግጥ አቃጥለውታል) ሰነዱ በሌላ ቦታ ይኖራል ማለት ነው። ነገር ግን መላክ ብቻውን ማስቀመጥ አይደለም፤ ማስቀመጥም ብቻውን ማግኘት አይደለም። በመቶ ዓመቱ መጨረሻ ገደማ ጽሑፉ እጅግ በዝቶ በየቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ይቆለል ጀመር።

በ1876 ሜልቪል ዱዊ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀውን የአሥርዮሽ ምደባ አወጡ። በዚያው ዓመት ሳሙኤል ግሪን የተባሉ የዉስተር ከተማ የቤተ መጻሕፍት ኀላፊ፣ ሠራተኛው መጽሐፍ ከማቀበል አልፎ አንባቢውን ቀርቦ መርዳት ይገባዋል ሲሉ ጻፉ፤ ዛሬ የማጣቀሻ አገልግሎት የምንለው ሥራ ከዚህ ይጀምራል ይባላል። የዱዊ ሥርዓት መጻሕፍትን የሚደረድረው በሚናገሩት ነገር ነው። ስለ ወንዝ የሚናገር ከወንዝ ጋር፣ ስለ ከብት የሚናገር ከከብት ጋር ይቆማል። ለአንድ ጸሐፊ አንድ መጽሐፍ ይህ ይስማማል። የአንድ የእርሻ ሚኒስቴር ዓመታዊ ዘገባ ግን ስለ ከብት በሽታም፣ ስለ ዝናብም፣ ስለ ስኳርም፣ ስለ ሠራተኛ ደመወዝም ይናገራል። በየትኛው መደርደሪያ ይቁም?

መልሱን ያገኙት ወይዘሪት አደሌይድ ሃስ ናቸው። በ1868 የተወለዱት እኚህ ሴት በሎስ አንጀለስ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ሲጀምሩ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መግቢያ ላይ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። አባታቸው ሐኪም ሲሆኑ በትርፍ ጊዜያቸው በድንጋይና በዛፍ ላይ የሚበቅለውን ሽበት እየሰበሰቡ በዘርና በወገን የሚለዩ፣ በዚሁም ጥናት ስም ያተረፉ ሰው ነበሩ። ልጅቱ የመለየትን ጥበብ ከቤት ይዛው ወጣች ብል ብዙ የተሳሳትሁ አይመስለኝም። ወይዘሪት ሃስ በቤተ መጻሕፍቱ የተከማቸውን የመንግሥት ጽሑፍ እንዲያደራጁ በታዘዙ ጊዜ «ስለ ምን ይናገራል?» የሚለውን ጥያቄ ተዉና «ማን አወጣው?» ብለው ጠየቁ።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ሚኒስቴር አንድ ፊደል ይሰጠዋል፤ «ኤ» የእርሻ፣ «አይ» የሀገር ውስጥ ጉዳይ ነው። ከፊደሉ ቀጥሎ በሚኒስቴሩ ሥር ያለው ቢሮ ቁጥር ይመጣል። ከዚያ ነጥብ፣ ከነጥቡም በኋላ የጽሑፉ ዓይነት፤ 1 ሲሆን ዓመታዊ ዘገባ፣ 2 ሲሆን ልዩ ልዩ ጽሑፍ፣ 3 ሲሆን ቡለቲን ይሆናል። ከሁለት ነጥብ በኋላ የጥራዙ ቁጥር ወይም ዓመቱ ይጻፋል። አንባቢው የተዘለለ ቁጥር ሲያይ የትኛው ጥራዝ እንደ ጎደለው ወዲያውኑ ያውቃል። እኛ መሐንዲሶች ሥዕሎቻችንን የምንቆጥርበት አሠራር ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ የፕሮጀክት ቁጥር፣ የክፍል ፊደል፣ የወረቀት ተራ።

በ1895 ምክር ቤቱ የኅትመት ሕግ አወጣ፤ የሰነዶች የበላይ ተቆጣጣሪ የሚባል የኀላፊነት ቦታም ፈጠረ። ወይዘሪት ሃስ ወደ ዋሽንግተን ተጠርተው የዚያ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያዋ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆኑ። በማግሥቱ ዓመት የታተመው የእርሻ ሚኒስቴር ጽሑፎች ዝርዝራቸው አዲሱን ሥርዓት ለአንባቢ አስተዋወቀ። በ1897 ወደ ኒውዮርክ ሄደው በዚያው ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሰነድ ክፍሉን አቋቋሙ፤ ከ1907 እስከ 1922 በ13 ጥራዝ የወጣውን የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር ሰነዶች የኢኮኖሚ ማውጫም አዘጋጁ። ፍጻሜው ግን አላማረም። ከአለቆቻቸው ጋር ሲካረር በቆየው አለመግባባት ላይ የጀርመን ዝርያቸው በዚያ የጦርነት ዘመን ጥርጣሬ ጨምሮበት በ1918 ከሥራ ተሰናበቱ። በ1953 ዐረፉ። ያወጡት ሥርዓት ግን ዛሬም የአሜሪካ መንግሥት ጽሑፎች ከሺሕ በሚበልጡ ተቀባይ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚደረደሩበት ነው።

እዚህ ላይ ለማድነቅ ብቻ አላቆምም። ቀያሽ የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው ከፍታ የሚለካው ከአንድ ከማይነቃነቅ ምልክት፣ ማለት ከቤንች ማርክ ተነሥቶ ነው። ወይዘሪት ሃስ ቤንች ማርካቸውን የተከሉት በመሥሪያ ቤቱ ላይ ነው። መሥሪያ ቤት ደግሞ ይነቃነቃል።

የአሜሪካ የአየር ጠባይ ቢሮ የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አገልግሎቱ በ1870 ሲጀመር በጦር ሚኒስቴር ሥር፣ በምልክትና መልእክት ክፍል ውስጥ ነበር። በ1891 ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ፤ በ1940 ደግሞ ወደ ንግድ ሚኒስቴር። ዝናቡ ያው ዝናብ፣ መለኪያውም ያው መለኪያ ሆኖ ሳለ፣ የሚያወጣው ቢሮ ጽሑፍ በመጀመሪያ ከጦርነት ሰነዶች ጋር፣ ቀጥሎ «ኤ 29» በሚለው፣ ከዚያም «ሲ 30» በሚለው ምልክት ሥር ቆመ። የአንድ ወንዝ ተፋሰስ ዝናብ ሊያጠና የሚነሣ መሐንዲስ ይህን ካላወቀ መዝገቡ በ1940 የተጀመረ ይመስለዋል። በአሜሪካ ይህን ክፍተት የሞላው የሰነድ ክፍል ባለሙያው እውቀትና መሥሪያ ቤቶች የተለዋወጡትን ስም የሚዘግበው ማውጫ ነው። እንግዲህ ምደባውና የማጣቀሻ አገልግሎቱ ተነጣጥለው የማይሠሩ መሆናቸው ከዚህ ይታያል። ቁጥሩ ወረቀቱን ያቆመዋል፤ የሰውየው እውቀት ደግሞ ወደ ወረቀቱ ያደርሳል።

ይህ ታሪክ ከእኛ ጋር የሚገናኝበት አንድ ቀጥተኛ መስመር አለ። በወይዘሪት ሃስ ሥርዓት «አይ 27» ተብሎ የሚታወቀው ቢሮ ኦፍ ሪክላሜሽን የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የግድብና የመስኖ መሥሪያ ቤት ነው። ይኸው ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት የዓባይን ተፋሰስ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1964 አንድ ዋና ዘገባ ከአባሪ ጥራዞች ጋር አቀረበ። በዋናው ወንዝ ላይ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና የድንበር ግድብ የተባሉ አራት ሥፍራዎች ተለይተው የተመለከቱት በዚህ ጥናት ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚገኘው ጥናቱ የድንበር ግድብ ብሎ ከሰየመው ሥፍራ አጠገብ ነው። የግድቡ መጠን ከቀድሞው ንድፍ እጅግ የላቀ መሆኑ፣ አዲስ ጥናትም እንደ ተደረገለት የታወቀ ነው። ያም ሆኖ በጥናቱ መጠናቀቅና በመሠረቱ መጣል መካከል ባሉት ወደ አርባ ሰባት በሚጠጉ ዓመታት መንግሥት ሁለት ጊዜ ሲለወጥ፣ ያንን ዘገባ ከመደርደሪያ ያላወረደው፣ በጠየቀው ሁሉ ፊት ያቀረበው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስሙ በየትኛውም የምረቃ ንግግር ውስጥ አይጠራም።

ታዲያ ይህ ዘገባ በእኛ ቤት በማን ስም ይፈለግ? በአሜሪካው ቢሮ? ወይስ ጥናቱን በኢትዮጵያ በኩል በያዘው በሥራና መገናኛ ሚኒስቴር? በ«ዓባይ» ወይስ እንግሊዝኛው እንደሚለው በ«ብሉ ናይል»? ነገሩ በዓባይ ብቻ አይወሰንም። የአዋሽን ተፋሰስ ያጠኑት የተባበሩት መንግሥታት የእርሻና የምግብ ድርጅትና ሶግሬያ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ሲሆኑ ዘገባቸው እ.ኤ.አ. በ1965 ወጣ። የባሮ አኮቦን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረበው ሴልሆዝፕሮምኤክስፖርት የሚባለው የሶቪየት ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የዓባይን ሁለተኛ ትልቅ ጥናት የሠራው ደግሞ ቤሴኦም የተባለ ሌላ የፈረንሳይ ድርጅት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሀገሩ የጠፋ አለ፤ ስሙን የለወጠ አለ። ወንዞቹ ግን በቦታቸው ናቸው።

በሀገራችን የመንግሥትን ጽሑፍ የሚሰበስብ ቤት የማቆሙ ሥራ የተጀመረው ከነጋሪት ጋዜጣው ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ይባል ስለ ነበር የአዲስ አበባ ሰው «ወመዘክር» ብሎ አሳጠረው። በግእዝ «ወ» ማለት «እና» መሆኑን የሚያውቅ፣ ሕዝቡ መጻሕፍቱን ትቶ «እና መታሰቢያ» ወደ ተባለ ቤት እንደሚሄድ ተረድቶ ፈገግ ይላል። ስሙ ግን ተስማሚ ነው። በደርግ ዘመን መጀመሪያ ላይ የወጣ አዋጅ በሀገር ውስጥ ከሚታተም ማንኛውም ጽሑፍ ቅጂ ለዚሁ ቤት እንዲገባ አዘዘ፤ በሰኔ 1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 179/1991 ደግሞ ቤተ መዛግብቱንና ቤተ መጻሕፍቱን በአንድ ብሔራዊ ተቋም ሥር አድርጎ ኀላፊነቱን አሰፋው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ በዳይሬክተሩ በሪቻርድ ፓንክረስትና በቤተ መጻሕፍት ኀላፊው በስታኒስላቭ ሆይናስኪ ትጋት፣ በስድስት ኪሎው የቀድሞ ቤተ መንግሥት ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን ሁሉ ሲያሰባስብ የመንግሥትን ዘገባዎችም አልናቀም። ብዙዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፋችንን ስናዘጋጅ የተቀመጥነው በዚያ ጠረጴዛ ነው።

ሕጉ ለሚታተም ጽሑፍ ነው እንጂ ለእኛ ሥራ በደንብ አይደርስም። የመሐንዲስ ዘገባ መጽሐፍ አይባልም። በሃያና በሠላሳ ቅጂ ተባዝቶ፣ በሽቦ ተጠርዞ፣ ለአሠሪው፣ ለአበዳሪው ባንክና ለአማካሪው ከተሰጠ በኋላ «ታተመ» የሚለው ማንም የለም። ማተሚያ ቤቱን የሚቆጣጠረው ሕግ ኮፒ ቤቱን አያውቀውም። ዛሬ ደግሞ ዘገባው በኮምፒዩተር ብቻ ተዘጋጅቶ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም ሲለወጥ የድረ ገጹ አድራሻ አብሮ ሲለወጥ፣ ትናንት የተነበበው ጽሑፍ ዛሬ የለም ሲባል በዓይኔ አይቻለሁ። የካርቶኑ ታሪክ መልኩን ለውጦ ተመለሰ ማለት ነው።

በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት እጅ ያለ መረጃ የመጠየቅ መብት ተሰጥቶታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ስሙን ያላወቁትን ሰነድ መጠየቅ አይቻልም። እግረ መንገዴን አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ይኸው አዋጅ በአማርኛው ገጽ 590/2000 ሲሆን በእንግሊዝኛው 590/2008 ነው። ሁለት የተለያዩ አዋጆች መስለውት ሁለቱንም ሊያዝ የተነሣ አንድ ወዳጅ አውቃለሁ። በሁለት የዘመን አቆጣጠር በሚጻፍ ሀገር ይህን የሚያስረዳ ሰው በማጣቀሻ ጠረጴዛው ላይ ካልተቀመጠ ማውጫው ብቻውን አያድንም።

ወደ ወይዘሮዋ ወረቀት ልመለስ። የውሃን ጉዳይ የያዙትን መሥሪያ ቤቶች ብቻ ብንመለከት የወረቀቱ ጠቃሚነት ይገባናል። በሥራና መገናኛ ሚኒስቴር ሥር የተጀመረው ሥራ በ1954 ዓ.ም. በአዋሽ በኩል ለአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1971 ብሔራዊ የውሃ ሀብት ኮሚሽን ቆመ። በ1987 ዓ.ም. የውሃ ሀብት ሚኒስቴር ተቋቋመ። በ2003 ዓ.ም. የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ መስኖ ተጨመረበት። በ2008 ዓ.ም. «ኢነርጂ» የሚለው ቃል ተነሥቶ «ኤሌክትሪክ» ገባ፤ በ2011 ዓ.ም. «ኢነርጂ» ተመለሰ። በ2014 ዓ.ም. መስኖው ለመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴር ተላልፎ የቀረው እንደ ገና የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተባለ። ልብ በሉ፤ የ2003ቱና የ2014ቱ ስም አንድ ነው፤ የሥራ ድርሻው ግን አንድ አይደለም። ስምን ብቻ ይዞ የሚደረድር ሰው የሁለቱን ዘመን ዘገባዎች በአንድ መደርደሪያ አቀላቅሎ ሲያበቃ፣ በመካከል የወጡትን በሁለት ቦታ ይበትናቸዋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንደ ሁኔታው መደራጀቱ የግድ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው የስሙ ለውጥ ሲታወጅ ሰነዱ ወዴት እንደ ሄደ አብሮ አለመታወጁን ነው።

በበኩሌ መፍትሔው ከወይዘሪት ሃስና ከጥንቶቹ ደብሮች በአንድነት ቢወሰድ እወዳለሁ። መሥሪያ ቤቱ ጽሑፉን ባወጣበት ጊዜ በነበረው ስም ይመዝገብ፤ ይህ የሃስ ሕግ ነው። ከዚህ ጎን ግን ሰነዱ የሚናገርለት ወንዝ፣ መንገድ ወይም አውራጃ በሁለተኛ ካርድ ይያዝ፤ ይህ የወርቅ ወንጌሉ ሕግ ነው። ወንዝ እንደ ሚኒስቴር አይታጠፍም። ይህን የሚያደርግ ማውጫ ለመሥራት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ያዘጋጀውን ዘገባ አንድ ቅጂ ለወመዘክርና ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚሰጥ መሐንዲስና የተቀበለውን በተቀበለ ቀን የሚመዘግብ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ከአሠሪዎቻችን ጋር በምንዋዋልበት ጊዜ ለቤተ መጻሕፍት የሚገባ ቅጂ በውሉ ውስጥ እንዲጻፍ መጠየቅ እንችላለን። እኔ ከድልድዩ ሥራ ወዲህ በሦስት ውሎች ላይ ጠይቄ በሁለቱ ተፈቅዶልኛል፤ በሦስተኛው «ምሥጢር ነው» ተባልሁ። ጉዳዩ የአንድ ከተማ የዝናብ ውሃ መፍሰሻ ቦይ ነበር።

ባለፈው ዓመት ወደዚያው ቤተ መጻሕፍት ተመልሼ ነበር። ወይዘሮዋ ጡረታ ወጥተዋል። በማጣቀሻ ክፍሉ የተቀመጠው ወጣት ትሑትና ቅን ነው፤ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ፈለገልኝ፣ አላገኘም። የካርድ ሳጥኖቹ ወደ ኮሪደሩ ወጥተው አቧራ ለብሰዋል። ሳጥኑን ስቤ ክዳኑን ገልብጬ አሳየሁት። ወረቀቱ አልተነሣም፤ ጠርዙ ብቻ ቢጫ ሆኗል። የወይዘሮዋ የእጅ ጽሕፈት በ2008 ዓ.ም. ላይ ያቆማል። ወጣቱ በስልኩ ፎቶግራፍ አነሣው፤ እኔም ከኪሴ እርሳስ አውጥቼ ከመጨረሻው መስመር በታች የ2011ንና የ2014ን ስሞች ጻፍሁ።